የመሳፈር ተራ

በሸክላ ሜዳ ጣቢያ በር ላይ አንድ ሰሌዳ አለ። በስተቀኙ የጣቢያው ወለል፣ ከእሱ በታች መውረድ የማይፈቀደው የተሳፋሪ ቁጥር፣ ተጽፏል፤ ስልሳ። በስተግራው የዕለቱ ተሳፋሪ ቁጥር ይታያል። ጠዋት ባዶ ነው፤ የቀትሩ ባቡር ከመነሳቱ በፊት ግን ስልሳ መሙላት አለበት። እኛ የሸክላ ሜዳ ሰዎች ከእንቅልፋችን ስንነሳ መጀመሪያ የምናስበው ያንን የግራውን ቁጥር ነው። ሽንኩርቱ ውሃ ጠጣ ወይ፣ ፍየሏ ወለደች ወይ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ነገሩ በተፈጠረበት ሳምንት ሰኞ ተረኛ ነበርኩ። ስሜ ወሰን ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቅ አለኝ፣ ግን ሥራዬን የምሠራው ባቡሩ ላይ ነው፤ ተቀምጦ የማይቸኩል ደንበኛ የማገኘው እዚያ ነው። የወደቀውን ፀጉር ምንጣፉ ራሱ ስለሚውጠው መጥረጊያ እንኳ አልይዝም። ከጎኔ ያሉት ሴቶች ምስር ይለቅማሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለማጋባት የተስማሙት ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ ነው፤ ሽማግሌ ልከው፣ ተግደርድረው፣ ቀን ቆርጠው የጨረሱት ኮምቦልቻ ሳንደርስ ነው። ስንደርስ እንወርዳለን፣ በሩ እንዲያየን በበሩ እናልፋለን፣ ከጣቢያው ግንብ ጥላ ሥር ቆመን ማታ እስኪሆን እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንመለሳለን። ከስልሳችን ውስጥ ኮምቦልቻ ጉዳይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እሱም አበጋዝ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ መሥራት አቁመዋል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እጥበት አለበት። አንዱ ቀን ካመለጠው ፊቱ ያብጣል። ሁለተኛው ቢያመልጠው ምን እንደሚሆን ሐኪሞቹ ነግረውናል፤ ባይነግሩንም እናውቃለን። ድሮ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ከሸክላ ሜዳ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል። ባቡሩ ሲመጣ አስፋልቱ ላይ የፀሐይ መስታወት ተነጠፈበት፤ ባቡሩ የሚሄደው ከዚያ በሚመነጨው ኃይል ነው። አበጋዝ መኪናውን ሸጠ። አሁን በሕይወት የሚያኖረው ያ መንገዱን የወሰደበት ባቡር ነው።

ባቡሩ ቆንጆ ነው፣ ይህን የሚክድ ሰው አላየሁም። በብርጭቆ ውሃ ይዘህ ብትሄድ ጠብታ አይፈስም። ባቡሩን የሚያስተዳድረው ፈንድ በየዓመቱ ያሻሽለዋል፤ በአራተኛው ማሻሻያ መቀመጫዎቹ አፍ አወጡ።

“እንኳን ደህና መጡ። የዛሬው ጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው?” ይላል መቀመጫው፣ ገና ሳትደላደል።

“ዘመድ ጥየቃ” እንላለን ሁላችንም።

“መልካም ጉዞ።”

አበጋዝ ግን መዋሸት አይወድም። “ደሜን ላሳጥብ” ብሎ ይመልስለታል፤ መቀመጫው ለእሱም ያችኑ “መልካም ጉዞ” ይለዋል።

“አየሽ?” አላት የዚያን ሰኞም ሚስቱን ሰዓዳን። “ብትዋሺውም፣ እውነቱን ብትነግሪውም ያው ነው። የእኔ ረዳት ቢሆን ቢያንስ አላህ ያሽርህ ይል ነበር።”

“የአንተ ረዳት ሰው ጭን ላይ ሰው ያስቀምጥ ነበር” አለችው።

“አዎ፤ ታዲያ ማን ቀረ? ማንንም መንገድ ላይ ጥዬ አላለፍኩም።”

ሰዓዳ ልብስ ሰፊ ናት። የከተማውን ተረኛ የምትለየውም እሷ ናት፤ ማን መቼ እንደሚሳፈር በቃሏ ታውቃለች። የቀረ ሰው ካለ በሩ ድረስ ሄዳ ታንኳኳለች። በዚህ ምክንያት የሚጠሏት አሉ፣ እሷም ግድ የላትም። ስልሳው የሚሞላው ለከተማው ነው ይባላል እንጂ ለእሷ ለባሏ ነው፤ ይህንንም ሸሽጋ አታውቅም።

ተራውን ያወጡት የቅሬያችን፣ የዕድራችን፣ ዳኛ አያ ጓንጉል ናቸው። ፈንዱ ለጣቢያ ገንዘብ የሚመድበው በተሳፋሪው ቁጥር ነው፤ በቀትር ቆጠራ ከወለሉ በታች የሆነ ጣቢያ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይተኛል፤ ባቡር አይቆምበትም። የተኛ ጣቢያ ሲነቃ ደግሞ የሰማ የለም። ይህ የተነገረን ጊዜ ከተማው ተደናገጠ፤ ሽንኩርት ለሚተክል ሰው በየቀኑ የሚሄድበት አገር ከየት ይመጣል? አያ ጓንጉል ቅሬውን ሰበሰቡና፣ “ጉድጓድ በተራ እንቆፍራለን፣ ድንኳን በተራ እንተክላለን፤ ባቡሩንም በተራ እንሳፈረዋለን” አሉ። የቀረ ይቀጣል ተባለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ስለሆንን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ጎድሎብን አያውቅም።

በልጦብንም አያውቅም። ይህ ሁለተኛው የአያ ጓንጉል ደንብ ነበር። ወለል ይወጣል እንጂ አይወርድም። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ነጭ ገረባ አንድ ጊዜ ሠርግ ነበረበት፤ ከተማው በሙሉ ደስ ብሎት ሙሽራ ሊሸኝ ተሳፈረ። በማግስቱ የሠርገኛው ቁጥር የነጭ ገረባ ወለል ሆኖ ተለጠፈ። ወር ያህል ተንጠራሩ፣ ከዚያ ደከሙ። አሁን ባቡሩ በነጭ ገረባ ሲያልፍ መስኮቶቹ ይጨልማሉ፤ የተኛ ጣቢያ ማየት ለተሳፋሪው ስሜት ጥሩ አይደለም ተብሎ ነው። ትንሽ ቆይቶ ይበራሉ። በዚያች ጨለማ ውስጥ ሴቶቹ ምስር መልቀም ያቆማሉ፣ እኔም መቀሴን ዝቅ አደርጋለሁ። 

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ።

አያ ጓንጉል እንቅልፍ ላይ እንዳሉ አርፈው ነበር። ቅዳሜ ፀጉራቸውን አስተካክዬላቸው ደህና ነበሩ፤ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ያለውን ሽበት አሳጥረው አሉኝ። ጥሩምባው ሲሰማ ከተማው ያለ የሌለውን ጥሎ ወደ ለቅሶ ቤት ጎረፈ። ወደ ጣቢያው ጉዞ የጀመሩት ተረኞችም ከመንገድ ተመለሱ። ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ ቀብር ሳይፈጸም ከከተማ መውጣት የለም፤ ይህም የቅሬው ደንብ ነው። አያ ጓንጉል ራሳቸው አማቻቸውን በዚህ ቀጥተውታል።

ሰዓዳ ለቅሶ ቤት የገባችው ሰሌዳውን አይታ ነው። ፊቷ ላይ ዕንባ አለ፣ እግሯ ግን አንድ ቦታ አይቆምም። ድንኳኑ ገና አልተተከለም፤ ምክትል ዳኛው ሐጂ ኑርዬ ካስማውን ያስመቱ ነበር።

“ሐጂ” አለቻቸው፣ “ስልሳ ሰው ይስጡኝ።”

“የምን ስልሳ?”

“የባቡሩን። ቀትር ሳይሆን።”

ሐጂ ኑርዬ አተኩረው አዩዋት። “ሬሳ ተጋድሞ ማን ነው ባቡር የሚሳፈር? አንቺ ሰው ነሽ?”

“አበጋዝስ?”

“አበጋዝ ይሂድ። በሽተኛን የከለከለ የለም።”

“ዛሬ ይሄዳል። ዓርብ በምን ይሄዳል፣ ሐጂ?”

ሐጂ ወደ ካስማው ዞሩ።  ሰዓዳ እዚያው ቆማ እጇን ስታፍተለትል አየኋት፤ ክር የምትፈትል ነበር የምትመስለው። ከዚያ ድንገት ወደ ውስጥ ገባች፤ የአያ ጓንጉል ሚስት እትዬ አስካለ ወደተቀመጡበት። እኔም ተከተልኳት።

“እትዬ፣ አያ ጓንጉል የት ቅበሩኝ ይሉ ነበር?”

“ድሮ ጨፌ ይለኝ ነበር” አሉ እትዬ አስካለ፣ በተዘጋ ድምፅ። “እናትና አባቱ እዚያ ናቸው። መንገዱ መስታወት ከሆነ በኋላ ተወው። በምን ትወስዱኛላችሁ አለ።”

“በባቡሩ እንወስዳቸዋለን” አለች ሰዓዳ።

እትዬ አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ነገሩ በዚያው ተወሰነ። ጨፌ ሁለተኛው ጣቢያ ነው፤ ቄሱም ተስማሙ፣ ሐጂም ተስማሙ። ቀባሪ ከሬሳ ጋር ከከተማ ቢወጣ ደንብ አልፈረሰም። የሟች ፈቃድ ተፈጸመ፣ ስልሳውም ሊሞላ ነው። እኔ በበኩሌ ሴትዮዋን አደነቅኋት።

ችግሩ ወዲያው መጣ። ሰዓዳ፣ “ስልሳ ሰው ይሸኛቸው፤ ሌላው ከዚህ ይሰናበት” አለች። የማትሆን ነገር ተናገረች። ዳር ዳሩን ስትሄድ፣ እያንዳንዱን ስትለምን አየሁ። አንተ ቅር ያለችው ሁሉ ሌላውን ያሳያታል። ውሃውን የሚያከፋፍለው የመስኖ ዳኛ፣ “እኔ ልቅር? ትናንት አብረን ነው የዋልነው” አላት። አንድ የአያ ጓንጉል ጎረቤት ነበረ፣ በድንበር ተጣልተው ዓመታት ሳይነጋገሩ የኖሩ። እሱስ ይቀራል ብላ ሄደች።

“እኔማ በምንም አልቀርም” አላት። “ተኳርፈን እንደነበር ማን አያውቅም? ዛሬ ከቀረሁ እስከ ልጅ ልጄ ይወራብኛል።”

እኔም ዘንድ መጣች። “ወሰን፣ አንተ እንኳ ይገባሃል” አለችኝ። “ነጭ ገረባ ምን እንደሆነ ታውቃለህ።”

“አውቃለሁ” አልኳት። “የመጨረሻ ፀጉራቸውን የቆረጥኩ ሰው ግን እንዴት እቀራለሁ?”

አሁን ሳስበው ከሌላው የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም። ግን ያኔ እውነት መስሎኝ ነበር፤ ለሁሉም የየራሱ እውነት መስሎታል።

ሳጥኑ በሰው ጫንቃ ላይ ሆኖ ጣቢያው በር ሲደርስ ሰዓዳ ቀድማ በሩ ዘንድ ቆማለች። በሩ አጠገብ ለአደጋ ጊዜ የሚሳብ ቀይ እጀታ አለ፤ ከተሳበ በሩ ይዘጋል። እጇን እዚያ ላይ አሳርፋለች። ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነው። ሳጥኑን የተሸከሙት አለፉ። ቄሱና ሐጂ አለፉ። እያለቀስን፣ እየተገፋፋን ገባን፤ በሩ ለእያንዳንዳችን “እንኳን ደህና መጡ” ይለናል። ቁጥሩ ስልሳ ሲሞላ አየሁ፤ እሷም አየች፤ ክንዷ ሲጠብቅ ተመለከትኩ። ከበሩ ውጭ ገና ከተማው በሙሉ አለ። ከፊት ደግሞ፣ በሁለት ሴቶች ተደግፈው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እትዬ አስካለ እየመጡ ናቸው።

ሚስት ላይ በር አይዘጋም። ሰዓዳ እጀታውን ለቀቀችው። ግድግዳው ላይ ተደገፈችና እኛ እስክናልቅ ድረስ ቆመች።

ማንም አልቀረም። ቤት የሚጠብቅ እንኳ አልቀረም፤ ሌባውም ከእኛው ጋር ነበር። አራስ ታቅፋ መጣች፣ አልጋ የያዙም በቃሬዛ መጡ። ሳጥኑን በሁለት መቀመጫዎች ላይ አጋደምነው።

“እንኳን ደህና መጡ” አለ መቀመጫው። “የዛሬው ጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው?”

ሁላችንም ወደ ሳጥኑ ዞርን።

“የዛሬው ጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው?” አለ እንደገና።

“አገሩ ሊገባ ነው” አሉ እትዬ አስካለ።

“መልካም ጉዞ።”

ነጭ ገረባ ላይ መስኮቶቹ ጨለሙ፣ ተመልሰው በሩ። ጨፌ ወርደን አያ ጓንጉልን ከእናት ከአባታቸው ጎን ቀበርናቸው። አበጋዝ አልወረደም፤ እጥበቱ አለበት። በመስኮቱ ሳጥኑን ሲሸኝ ከንፈሩን ነክሶ ነበር፤ ለዳኛው አፈር ሳያለብስ መቅረቱ ከበሽታው ብሶበታል።

ማታ ስንመለስ የሸክላ ሜዳ ጣቢያ መብራት እንደ በዓል ቀን ፈክቷል። ሰሌዳው ላይ የሚያምር ጽሑፍ አለ። ፈንዱ የሸክላ ሜዳ ሕዝብ ለባቡሩ ያሳየውን ፍቅር በደስታ መመልከቱን፣ ጣቢያው ለቀጣዩ ማሻሻያ መመረጡን፣ አበባና ተጨማሪ አግዳሚ ወንበር እንደሚሰጠው ይገልጻል። ከሥሩ አዲሱ ወለል አለ። አራት መቶ ሠላሳ ሁለት።

አንድ ሰው፣ “ነገ ማን ይሙትልን?” አለ። ቀልድ መሆኑ ነው። የሳቀ የለም።

ሐጂ ኑርዬ ዳኝነታቸውን የጀመሩት እዚያው ሰሌዳው ሥር ነው። “ከእንግዲህ ተራ የሚባል ነገር የለም” አሉ። “ዛሬ ሁላችንም ገብተን የሞላነው ቁጥር ነው። ነገም ሁላችንም እንገባለን። ከነገ ወዲያም።”

“ሽንኩርቱስ?” አለ የመስኖ ዳኛው።

“ሽንኩርቱን ማታ ታጠጣለህ።”

ሰዓዳ ከአበጋዝ ጎን ቆማ ነበር። ማንንም አልወቀሰችም። ብትሰድበን ደስ ባለኝ ነበር፤ እሷ ግን ያየችው ቁጥሩን ብቻ ነው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ሰው በሰው፣ ቤት በቤት ከተማውን በልቧ ትቆጥር ነበር። አንዳች ነገር እንደጎረበጣት ገባኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኳትም። በዚያ ቀን ሁላችንም ደክመን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አበባው ተተክሏል፤ ማን መቼ እንደተከለው አላየንም። ከነለቅሶ ልብሳችን ወጣን። አስተማሪዎቹ ሰሌዳቸውን ተሸክመው መጡ፣ ሴቶቹ ሊጥ በባልዲ፣ አንዱ ፍየሉን ሊያስገባ ሲል በሩ መለሰበት። አራሷ ነበረች፣ ቃሬዛዎቹም ነበሩ። በሩ ላይ የቆመችው ሰዓዳ ነች፤ ዛሬ ማንንም ቅር አትልም፣ ግቡ ግቡ ነው የምትለው። የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ ራሷም ገባች። ሁላችንም በመስኮት ሰሌዳውን አየን።

አራት መቶ ሠላሳ አንድ።

“ማን ቀረ?” ተባለ ከፉርጎ ፉርጎ። ስም ተጠራ። ሁሉም አለ። ሰው በየመቀመጫው ሥር አጎንብሶ ልጅ ፈለገ። ቀትር ሆኖ ነበር።

“ማንም አልቀረም” አለች ሰዓዳ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር፤ ቢሆንም ሁላችንም ሰማነው። “በሩ ትናንት አያ ጓንጉልንም ቆጥሯቸዋል።”

በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ያለ ምንም መንገጫገጭ ተነሳ።

ኮምቦልቻ እስክንደርስ በየፉርጎው ክርክር ነበር። ለአንድ ሰው ብለው አያስተኙትም የሚል አለ። ስህተት መሆኑን የምንነግረው ሰው እንፈልግ የሚል አለ፤ ኮምቦልቻ ጣቢያ ውስጥ ግን የምንነግረው ሰው አላገኘንም፤ ያገኘነው በሩን ብቻ ነው፤ እሱም እንኳን ደህና መጣችሁ አለን። ከጣቢያው ግንብ ጥላ ሥር ከተማችን በሙሉ ቆመ። ጥላው አልበቃንም።

“አንተ እዚሁ ቅር” አለችው ሰዓዳ አበጋዝን። “ነገ እጥበትህ ነው። እዚሁ እደር።”

“ማን ዘንድ?” አላት። ዙሪያውን ተመለከተ። “የማውቀው ሰው ሁሉ ከአንቺ ጋር ሊሄድ ነው።”

“አበጋዝ፣ በሞቴ።”

“ከቆመልን ነገ አብረን እንመጣለን። ካልቆመ ደግሞ አንቺን የት ጥሎ እንደሄደ ሳላውቅ እዚህ ልተኛ?”

ፈራች። ፍርሃቷን ፊቷ ላይ አየሁት፤ እኔም ፈራሁ። ግን ተሳፈርን፤ ቤታችን የሚወስደን ሌላ ነገር የለም። ጨፌ ላይ እንውረድና በእግር እንሂድ ያሉ ነበሩ፤ ማንም የመጀመሪያው ወራጅ መሆን አልፈለገም። የሁሉም ዓይን ሐጂ ላይ ነበር። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። በሩ ተዘጋ።

ነጭ ገረባ ላይ እንደ ወትሮው መስኮቶቹ ጨለሙ። እስኪበሩ ጠበቅን። ምስር የሚለቅም አልነበረም፣ እኔም መቀስ አልያዝኩም። ልጆቹ እንኳ መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

አልበሩም።

አበጋዝ መዳፉን መስታወቱ ላይ አኖረ። ወደ አንድ ጎን ስናዘነብል፣ “ይቺ የጉድባው ኩርባ ናት” አለ። መንገዱ ከሐዲዱ ጎን ለጎን ነው የሚሄደው፤ በሰውነቱ ነበር የሚያውቀው። ትንሽ ቆየና፣ “ድልድዩ” አለ። ከሥራችን ድምፁ ተለወጠ። “የወሰን ሱቅ” አለ። ሰዓዳ ክንዱን ይዛ ነበር። ከተማው በሙሉ የአንድ ሹፌር አፍ ይጠብቃል።

“አሁን ቤታችን ፊት ለፊት ነን” አለ አበጋዝ።

ባቡሩ ፍጥነቱን አልቀነሰም።

ከዚያ ከየፉርጎው፣ ከየወገባችን ሥር፣ መቀመጫዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተናገሩ። “ይቅርታ፣ መዳረሻዎ አልተገኘም። የዛሬው ጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው?”

ዘመድ ጥየቃ ያለ የለም።

“የዛሬው ጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው?”

“ቤታችን መግባት” አለች ሰዓዳ።

“መልካም ጉዞ” አለ መቀመጫው።